ያማረ ተረትና የተመዘገበ ቀን



«ኦኬ» የማይባልበት አገር ዛሬ ጥቂት ነው። እኛም ዘንድ ነጋዴው ዋጋ ሲቆርጥ፣ የታክሲ ረዳቱ «ወራጅ አለ» ሲባል፣ ልጅ የእናቱን መልእክት ሲቀበል ቃሉ ሳይታሰብ ከአፍ ይወጣል። መነሻውን የሚጠይቅ ሰው መልስ አጥቶ አይመለስም፤ እንዲያውም መልሱ ይበዛበታል። አንዱ በጦርነት ጊዜ «የሞተ የለም» ለማለት ዜሮና «ኬ» የምትባለው ፊደል ጎን ለጎን ይጻፉ ነበር ይላል። ሌላው ኦባዲያ ኬሊ የተባለ የባቡር ጭነት ሠራተኛ በየደረሰኙ ላይ የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት ይፈርም ነበር ይላል። «ሁሉ መልካም» ለማለት ግሪኮች ከሚናገሩት «ኦላ ካላ» የሚያመጡት አሉ፤ ከስኮትላንዶች «ኦክ አይ»፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከቾክቶዎች «ኦኬህ»፣ ከምዕራብ አፍሪካው የወሎፍ ቋንቋ የሚያመጡትም አሉ። እያንዳንዱ ተረት የተሟላ ነው፤ ስም አለው፣ ቦታ አለው፣ ድምፁም ይገጥማል። ሁሉም ባንድነት እውነት ሊሆኑ ግን አይችሉም።

ይህን ክርክር የቆረጡት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አለን ዎከር ሪድ ናቸው። ሪድ የድምፅ መመሳሰልን ትተው የቆዩ ጋዜጦችን ገጽ በገጽ ማገላበጥ ያዙ። በ1941 ባወጡት ጽሑፍ ቃሉን ከ1840ው የአሜሪካ ምርጫ ጋር አያያዙት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ምርጫ ማርቲን ቫን ቢውረን ለሁለተኛ ጊዜ ይወዳደሩ ነበር፤ የተወለዱት በኒው ዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በተባለች ከተማ ስለ ነበር ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ የኪንደርሁኩ ሽማግሌ እንደ ማለት፣ ይሏቸው ነበር፤ «ኦኬ» የሚባል ማኅበርም አቋቋሙላቸው። ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር። ሪድ ግን ፍለጋውን አላቆሙም፤ በ1963 እና በ1964 ባሳተሟቸው ተከታታይ ጽሑፎች የቀድሞ ቃላቸውን ራሳቸው አረሙ። «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» የተባለው ጋዜጣ ማርች 23 ቀን 1839፣ ከምርጫው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቀድሞ፣ ሁለቱን ፊደላት ከነትርጉማቸው አትሞ አገኙት፤ ትርጉማቸውም «ሁሉ ትክክል» ነው። በዚያ ሰሞን የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረጎችን በመነሻ ፊደላት ማሳጠርን፣ ያውም አጻጻፉን ሆን ብሎ ማጣመምን፣ እንደ ጨዋታ ይዘውት ነበር። «ኦል ኮሬክት» የሚለው እንግሊዝኛ በትክክል ሲጻፍ የሚጀምረው በ«ኤ»ና በ«ሲ» ነው፤ እነርሱ ግን አውቀው በ«ኦ»ና በ«ኬ» ጻፉት። «ኦል ራይት»ንም እንዲሁ አጣምመው በ«ኦ»ና በ«ደብልዩ» አሳጥረውት ነበር። ያ ወንድሙ ሞቶ ቀረ። «ኦኬ» ግን ባመቱ ምርጫው አነሣው፤ ቫን ቢውረን ተሸነፉ፣ ቃሉ አሸነፈ።

ዛሬ በፊታችሁ የምሟገትለት ነገር ከዚህ ታሪክ የተነሣ ነው። የአንድ ቃል ወይም ፈሊጥ መነሻ የሚታወቀው ቀን ባለው ጽሑፍ ምስክርነት ነው፤ ተረቱ ማማሩ ለእውነትነቱ ዋስ አይሆንም። ከዚህም አልፌ እላለሁ፦ አንድ የመነሻ ታሪክ እንደ ተለካ ልብስ ከፊደል እስከ ፊደል ልክ ሲሆን፣ ከቃሉ በኋላ በልኩ ተሰፍቶለት ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይገባል። የጥንቱ የሙግት ሥርዓታችን «ተጠየቅ» ይል ነበር። ባላጋራ ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ነገሩ ሲጠና «እማኝህን ቁጠር» ይባላል። የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን ታሪክ የሚያወሩ መጻሕፍት ብዙዎቹ እማኝ ሳይቆጥሩ ፍርድ ያገኙ ናቸው።

«ፖሽ» የሚለውን ቃል እንመልከት፤ ቅንጡ፣ የሀብታም የሚመስል ማለት ነው። ታሪኩ ሲነገር እንዲህ ነው። ከእንግሊዝ ወደ ሕንድ በ«ፒ ኤንድ ኦ» ኩባንያ መርከብ የሚሄዱ ባለጠጎች ሲሄዱ በመርከቡ ግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ በኩል ያለውን ክፍል ይይዙ ነበር፤ ፀሐዩ እንዳያቃጥላቸው ነው። «በግራ መሄድ፣ በቀኝ መመለስ» የሚለው እንግሊዝኛ አራት መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ ይህን ቃል ይሰጣሉ፤ ቲኬታቸውም ላይ ይታተም ነበር ይባላል። መልክዓ ምድሩ ውሸት የለውም። ወደ ምሥራቅ የሚቀዝፍ መርከብ ግራው ሰሜን ነው፤ ሰሜኑም ይቀዘቅዛል። ተረቱን ያሳመነውም ይህ እውነተኛ ፍሬ ነው። ነገር ግን ያ ማኅተም ያለበት አንድ ቲኬት እንኳ ተገኝቶ አያውቅም፤ በኩባንያው መዛግብትም ይህን የሚደግፍ ነገር አልተገኘም። ታሪኩ ራሱ በጽሑፍ ብቅ የሚለው በ1930ዎቹ ነው፤ ቃሉ ግን ከዚያ አስቀድሞ በሰው አፍ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የለንደን ወሮበሎች ቋንቋ «ፖሽ» ሳንቲም ነበር፤ በ1890 የወጣ የአራዳ ቃላት መዝገብ ደግሞ ለባሽና ዘናጭ ሰው የሚል ፍቺም ይሰጠዋል። ከሌባ ኪስ ተነሥቶ ሀብታም ሳሎን የገባ ቃል ነው ማለት ይቀላል።

እዚህ ላይ አንድ የማይከዳ ምልክት አለ። ከ20ኛው መቶ ዘመን በፊት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሐረግን መነሻ ፊደላት ሰብስቦ እንደ ቃል የማንበብ ልማድ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። «አክሮኒም» የሚለው የዚህ ልማድ መጠሪያ እንኳ በእንግሊዝኛ የተለመደው በ1940ዎቹ ነው። ስለዚህ አንድ የቆየ ቃል ከፊደላት ተገጣጥሞ ተሠራ የሚል ታሪክ ስትሰሙ ጆሯችሁን ቀና አድርጉ። «ኒውስ» የሰሜን፣ የምሥራቅ፣ የምዕራብና የደቡብ መነሻ ፊደላት ነው ይባላል፤ ቃሉ ግን «አዲስ» የሚለው ሲበዛ «አዳዲስ ነገሮች» ማለት ብቻ ነው። ጉርሻ ማለት የሆነው «ቲፕ»ም እንዲሁ ሐረግ ተፈጥሮለታል። «ኦኬ» ራሱ ፊደል በፊደል ይነበባል እንጂ እንደ ቃል አይጠራም፤ ቀልዱም በታተመበት ቀን ተመዝግቧል።

ቀን የሚሠራውን ሥራ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው «ዘ ሆል ናይን ያርድስ» የሚለው የአሜሪካኖች ፈሊጥ ይመስለኛል። ቃል በቃል «ዘጠኙንም ያርድ» ማለት ነው፤ እኛ «ከሀ እስከ ፐ» እንደምንለው። ለዘጠኙ ያርድ ያልተፈለገ ጨርቅ፣ ያልተለካ ሸራ የለም፤ የሲሚንቶ ማቡኪያ መኪና የሚይዘው ነው ያሉም ነበሩ። አሸናፊ ሆኖ የቆየው ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ነው፦ የጦር አውሮፕላን መትረየስ ዝናር ርዝመቱ 27 ጫማ፣ ማለትም ዘጠኝ ያርድ ነበር፤ አብራሪው ጥይቱን ሁሉ ሲያራግፍ «ዘጠኙንም ሰጠሁት» ይል ነበር። ልብ የሚነካ፣ ጀግና ያለበት ታሪክ ነው። በኋላ የቆዩ የአውራጃ ጋዜጦች በኮምፒውተር መፈለግ ሲቻል ትዕግሥተኛ ፈላጊዎች ፈሊጡን ኢንዲያና ግዛት፣ ሚቸል በተባለች ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ላይ በ1907 እና በ1908 አገኙት። አውሮፕላን ገና መትረየስ አልተጫነበትም ነበር። አባት ከልጁ በኋላ አይወለድም፤ ስለዚህ የዝናሩ ታሪክ በዚያው ወደቀ። ቀጥሎ የተገኘው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። በ1912 ኬንታኪ ውስጥ የታተመ ጋዜጣ ያንኑ ፈሊጥ በስድስት ያርድ ይለዋል። ቁጥሩ ስድስትም ዘጠኝም ከሆነ የሚለካ ነገር ከጀርባው አልነበረም ማለት ነው። እኛ «ሺህ ጊዜ ነገርሁህ» ስንል ማን ቆጥሮ ያውቃል? ዘጠኝ ምን ነበር ብሎ ሲጠይቅ የኖረ ሁሉ ጥያቄው ራሱ ተሳስቶበት ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ምሳሌ ልለፍ፤ ተረትን ማረም ከጨዋታ አልፎ ሰውን የሚያስቆጣበት ነውና። «ሩል ኦቭ ተም» ይላሉ፤ የአውራ ጣት ደንብ፣ በልምድና በግምት የሚሠራበት መለኪያ ማለት ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ በሰፊው የተነገረው ታሪክ ፈሊጡን ከጭካኔ ያወጣዋል፦ የእንግሊዝ ሕግ ባል ሚስቱን ከአውራ ጣቱ በማይወፍር በትር እንዲመታ ይፈቅድ ነበር፤ «ደንቡ»ም ያ ነው። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1982 በሚስቶች መደብደብ ላይ ባወጣው ዘገባ ርእስ ውስጥ ሳይቀር ይህን ፈሊጥ ተጠቀመበት። የታሪኩ ሥር የሚገኘው በ1782 ነው። ፍራንሲስ በለር የተባለ እንግሊዛዊ ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ተናገረ ተባለና ሠዓሊው ጄምስ ጊልሬይ «ዳኛ አውራ ጣት» ብሎ፣ በትር አሸክሞ፣ ሣቀበት። ዳኛው ያን ፍርድ ስለ መስጠቱ የተገኘ መዝገብ የለም። ፈሊጡ ግን በ1685 በታተመ የስኮትላንዳዊው ሰባኪ የጄምስ ዱራም ስብከት ውስጥ አለ፤ የሚነገረውም በግምትና በአውራ ጣት ስለሚሠሩ ሞኝ ግንበኞች ነው። ከዳኛው መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል፤ ሚስትም በትርም የሉበትም። እኛ በስንዝርና በክንድ እንደምንለካ፣ ግንበኛውና አናጢው በአውራ ጣቱ ይለካ ነበር።

«ታዲያ ይህን ማፍረስ ለማን ይበጃል? ተረቱ ውሸትም ቢሆን የተደበደቡ ሴቶችን ነገር አስታውሷል» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሴ መዝገቡ ራሱ ነው። በ1868 በሰሜን ካሮላይና አንድ ባል ሚስቱን ሦስት ጊዜ በአርጩሜ መትቶ ተከሰሰ፤ አርጩሜው ከአውራ ጣቱ እንደሚቀጥን ተመሰከረ፤ የሥር ዳኛውም በዚሁ መለኪያ ነጻ ለቀቀው። ይግባኙን የሰማው የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለኪያውን አልተቀበለውም፤ ነገር ግን ቀላል በሆነ የቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ጣልቃ አይገባም ብሎ ሰውየውን ነጻ እንደ ወጣ ተወው። ያው ፍርድ ቤት በ1874 በሌላ ክስ፣ ባል ከአውራ ጣቱ በማይወፍር በትር ሚስቱን ሊገርፍ ይችላል የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ በሰሜን ካሮላይና ሕግ አይደለም ብሎ በግልጽ ደነገገ። ስለ ድብደባው ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ስም፣ ዓመትና የፍርድ ቤት ቃል ያለው እማኝ አለለት። እርሱን ትቶ የፈሊጥ ተረት የሚይዝ ጠበቃ የማይወድቀውን ምስክር ቤት አስቀምጦ የሚወድቀውን ይዞ ችሎት የቀረበ ነው፤ ተረቱ በፈረሰ ቀን እውነቱም አብሮ የፈረሰ ይመስላል። የሴቶቹ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ጥብቅና ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእኛው ወገን ይመጣል፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እርሱ ነው። «ቋንቋ የሚኖረው በአፍ ነው። ጋዜጠኛ ሳይሰማው ግንበኛው፣ ገበሬውና መርከበኛው መቶ ዓመት ሊናገሩት ይችላሉ። አልተጻፈም ማለት አልነበረም ማለት ነው?» አይደለም። ቀን ያለው ጽሑፍ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ «ቢያንስ በዚህ ቀን በሕይወት ነበረ» የሚል ምስክር ነው። ነገ የቆየ ገጽ ቢገለጥ ቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በሪድ የሆነው ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ለቃሉ የቆየ ዕድሜ ይሟገትለታል እንጂ ለተረቱ አይሟገትለትም። ተረቱ የራሱን ክስ ይዞ ይቀርባልና፦ ቲኬት ታትሟል፣ ዳኛ ፈርዷል፣ ዝናር ተለክቷል ይላል። እነዚህ ደግሞ ወረቀት የሚተዉ ነገሮች ናቸው። የመርከብ ኩባንያ ሒሳቡን፣ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በቃል ብቻ አያኖርም። የአፍ ቋንቋን ማክበር ማለት ተናጋሪውን ማክበር ነው፤ ያልተጻፈውን ባዶ ቦታ በተፈጠረ ባለጠጋና በተፈጠረ ጀግና መሙላት ግን ቃሉን ከእውነተኛ ባለቤቱ፣ ስሙ ካልታወቀው ግንበኛና ወሮበላ፣ መንጠቅ ይሆናል።

ማስረጃ ታሪክን ያደርቃል የሚሉም አሉ። «ቦይኮት» የሚለውን ቃል ያየ እንዲህ አይልም። በ1880 በአየርላንድ፣ ሜዮ በተባለው አውራጃ፣ ቻርልስ ቦይኮት የሚባል የቀድሞ የጦር መኮንን የሎርድ ኧርንን መሬት ያስተዳድር ነበር። ጭሰኞች የኪራይ ቅናሽ ጠየቁ፤ በእምቢታው ከመሬታቸው ሊያስለቅቃቸው ተነሣ። ሰዉ አልተማታም፤ ተወው። ሠራተኞቹ ማሳውን ጥለው ሄዱ፣ ባለሱቁ አልሸጥልህም አለው፣ ለፈረሱ የብረት ጫማ የሚመታለት ጠፋ። ሰብሉን የሚሰበስቡ 50 ሰዎች ከሰሜን መጡለት፤ እነርሱን ለመጠበቅም 1,000 ያህል ወታደርና ፖሊስ ዘመተ። ድንቹና ቀይ ሥሩ ሊያወጣ ከሚችለው ዋጋ ጥበቃው ብዙ እጥፍ ፈጀ። ቦይኮት ዲሴምበር ላይ አገሩን ለቆ ሲወጣ ስሙ አስቀድሞ በጋዜጦች ግስ ሆኖ ነበር። ይህ ሁሉ በየቀኑ ተዘግቧል። ማነው ከዚህ የተሻለ ተረት የሚፈጥር? «ዴድላይን»ም፣ ቃል በቃል የሞት መሥመር፣ እንዲሁ ነው፦ በ1864 በጆርጂያ፣ አንደርሰንቪል በተባለው የጦር እስረኞች ግቢ ከአጥሩ ውስጥ ዝቅ ያለች የእንጨት አግዳሚ ተዘርግታ ነበር፤ ያለፋት እስረኛ በጥይት ይመታ ነበር። የጋዜጣ ቤት ሰዎች ቃሉን ለሥራ ማብቂያ ሰዓት የያዙት በሚቀጥለው መቶ ዘመን ነው።

ፍርድ የሚመረመረው በራስ ላይ ሲደርስ ነውና፣ ይህንኑ ሚዛን ወደ ደጃችን ላምጣው። «ኮፊ» የሚለው እንግሊዝኛ ከ«ከፋ» መጣ ሲባል ደስ ይለናል። እኔም ደስ ይለኛል። እማኙ ሲቆጠር ግን እንግሊዝኛው ቃል በጣልያንኛና በደችኛ በኩል ከቱርክኛው «ካህቬ»፣ ያም ከዐረብኛው «ቀህዋ» እንደ መጣ እርከን በእርከን ይታያል። «ቀህዋ» ደግሞ ቡና ሳይጠጣ በፊት በጥንት ዐረብኛ ግጥም የወይን ጠጅ ስም ነበር። ፍሬውን ዐረቦች «ቡን» ይሉታል፤ ከፋዎች ራሳቸው የሚሉት «ቡኖ» ነው። ስሙ ከከፋ ቢነሣ ኖሮ የአገሩ ሰው የራሱን አገር ስም ለፍሬው ይሰጥ ነበር ወይ? የከፋ መላ ምት ከድምፅ መመሳሰል በቀር ጠንካራ ምስክር የለውም፤ መመሳሰል ደግሞ ክፉ ምስክር ነው። «ቡን»ና የቡና ፍሬ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት «ቢን» እንዴት ይመሳሰላሉ! ነገር ግን «ቢን» እንግሊዞች ቡና ከማየታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ባቄላን ይጠሩበት የነበረ የራሳቸው ቃል ነው። ፍየሎቹ ሲዘሉ አይቶ ቡናን አገኘ የሚባለው እረኛም ቢሆን በጽሑፍ የታየው በ1671 በሮም፣ በማሮናዊው ሊቅ በፋውስቶስ ናይሮኒ መጽሐፍ ነው፤ እዚያ «ካልዲ» የሚል ስም የለውም። የቡና ዛፍ አገሩ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ግን ሥነ ዕፀዋት መስክሯል። ዛፉ የራሱ ምስክር አለው፤ የእንግሊዝኛ ቃል እንዲያግዘው አያስፈልግም።

እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ማስረጃ ያገኘው በአንድ ቀላል ሥራ ነው። በ1857 በለንደን የሥነ ልሳን ማኅበር የተነሣው ሐሳብ፣ በ1879 ጄምስ መሪ ዋና አዘጋጅ ሆነው ሲያዙት፣ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሆነ። መሪ ለሕዝብ ጥሪ አቀረቡ፤ አስተማሪዎች፣ ቄሶች፣ የቤት እመቤቶች፣ በብሮድሙር የአእምሮ ሕሙማን እስር ቤት የነበረ አሜሪካዊ ሐኪም ሳይቀር እያነበቡ ይልኩ ጀመር። የሚላከው እጅ የምታህል ወረቀት ናት፦ ግራ ማዕዘኗ ላይ ቃሉ፣ ከሥሩ ዓመቱ፣ የጸሐፊው ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ ገጹ፣ ከዚያ ቃሉ የገባበት ዐረፍተ ነገር እንዳለ። የመጀመሪያው እትም በ1928 ሲፈጸም መሪ ከሞቱ 13 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ በገጾቹ የገቡት ጥቅሶች ከ1.8 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ለእኛ የማይተካ ሥራ ሠርተዋል፤ ፍቺና ሥር ሰጥተውናል። ዓመት ያለበት ጥቅስ በየቃሉ ሥር ማስፈር ግን የእነርሱ ሥራ አልነበረም፤ ለእኛ የተረፈ ነው። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ከ1925 ጀምሮ የታተመ ነው፤ ከእርሱም ወዲህ የመጡት ጋዜጦች «ፖለቲካ»፣ «ኮሚቴ»፣ «ቦይኮት»፣ «ኦኬ» የመሳሰሉት ቃላት አማርኛ ውስጥ ሲገቡ ከነቀናቸው ይዘዋል። አንድ የዚያን ዘመን ቅጽ ተበድሮ፣ አንድ ቃል መርጦ፣ ቀኑንና ገጹን ጽፎ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳይቆርጡ መገልበጥ ነው። ለአንዲት ወረቀት ይኸው ይበቃታል።